«ደህና ነኝ» ያልኩት ሰላምታ ነበር

የአካል ጉዳት ጡረታ ጉዳያችንን ለምትመረምሩ ባለሙያዎች፣ ለሕክምና ቦርድ አባላት፣ እንዲሁም እንደኔ በድንገት «ፋይልዎ እንደገና ይታያል» ለተባላችሁ ሁሉ።

ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረሳችሁ።

ይህን የምጽፈው ባሕር ዳር፣ እቤቴ፣ አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው። ከግማሽ ሰዓት በላይ መቀመጥ አልችልም። ትራስ ከወገቤ ሥር አደርጋለሁ፣ ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አስደግፋለሁ። እኔ የጻፍኩትን ልጄ ማታ ማታ በስልኩ ይገለብጥልኛል። ስለዚህ ብዙ ቀን ፈጅቷል።

የቢሮውን ስም አልጠራም። ስም ከጠራሁ ነገሩ የእኔና የአንድ ቢሮ ጠብ ይመስላል። እኔ የምፈልገው አሠራሩ እንዲስተካከል ነው።

ቀያሽ ነበርኩ። 12 ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠርቻለሁ። መንገድ ለክቻለሁ፣ የመስኖ ቦይ ለክቻለሁ፣ የከተማ ቦታ ሸንሽኛለሁ። መሣሪያውን በትከሻዬ ይዤ የፎገራን ጭቃ ያቋረጥኩባቸው ቀናት እስካሁን በሕልሜ ይመጣሉ። በ2007 ዓ.ም. ከመስክ ስንመለስ፣ ወረታ ሳንደርስ መኪናችን ተገለበጠ። ሁለት የወገብ አጥንቶቼ ተሰበሩ። ወደ ግራ እግሬ የሚወርደው ነርቭ ተጎዳ። ስምንት ወር ከተኛሁ በኋላ የሕክምና ቦርድ አየኝ። ወደ ሥራዬ መመለስ እንደማልችል ወሰነ። የጉዳት ጡረታ ተፈቀደልኝ።

ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። በሥራ ላይ ጉዳት ደርሶበት የመሥራት አቅሙን ለዘለቄታው ያጣ፣ ጉዳቱም ከ10 በመቶ ያላነሰ የሆነ የመንግሥት ሠራተኛ የጉዳት ጡረታ አበል ያገኛል። የእኔ የተወሰነው በአዋጅ ቁጥር 714/2003 ነው። ዛሬ ያ አዋጅ በ1267/2014 ተተክቷል። አበሉ ከጉዳቱ በፊት በነበረው ወር ይከፈለኝ ከነበረው ደመወዝ 47 በመቶ ነበር። ደመወዜ 4,000 ብር ስለነበር 1,880 ብር ሆነ። ከዚያ ወዲህ ጭማሪ ተደርጎበታል። ይህ ገንዘብ ምጽዋት አይደለም። ዛሬ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ለጡረታ ያዋጣሉ። ከእኔም 12 ዓመት ሙሉ ሲቆረጥ ኖሯል።

እንግዲህ ባለፈው መጋቢት፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ስልኬ ጠራ።

«የጉዳት ጡረተኛ ነዎት?»

«አዎ።»

«ፋይልዎ እንደገና ስለሚታይ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል በአካል ይቅረቡ። ማስረጃዎን ይዘው ይምጡ።»

«የምን ማስረጃ ልጄ?»

«ያለዎትን ሁሉ።»

ተዘጋ። ለምን እንደሚታይ አልተነገረኝም። ማን እንደሚያየው አልተነገረኝም። ከሐሙስ እስከ ሰኞ አራት ሌሊት ነው። አራቱንም አልተኛሁም። ምንም ሳልሠራ ሌባ የሆንኩ መሰለኝ። «ምናልባት የሆነ ወረቀት ሳልሞላ ቀርቼ ይሆን?» እያልኩ አሥር ዓመት ወደኋላ ተመለስኩ። ልጄ «እማዬ፣ ምንም የለም፣ ዝም ብሎ ማጣራት ነው» ይለኛል። እሱም ግን አልበላም።

ከአልጋ ሥር ያለውን ሻንጣ አስወጣሁት። የቦርዱ ውሳኔ አራት ላይ ታጥፎ ተቀምጦ ስለነበር እጥፋቱ ላይ ተቀዷል። ማኅተሙ ደብዝዟል። ሁለቱ የራጅ ፊልሞች በባሕር ዳር ሙቀት እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ቀስ ብዬ በጥፍሬ ሳላቅቃቸው ጥቁሩ ቀለም ተላጠ። የተላጠው ደግሞ የተሰበረው አጥንት ያለበት ቦታ ላይ ነው። ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንስቼ ሳየው ወገቤ ካለበት ቦታ ላይ ብርሃን ብቻ ነው የሚታየው። ያን ጊዜ አለቀስኩ። ከአደጋው በላይ ያለቀስኩት ያን ቀን ነው ብል አላጋነንኩም።

ዓርብ ልጄን የድሮ ካርዴን እንዲያወጣ ወደ ታከምኩበት ሆስፒታል ላክሁት። ካርድ ክፍል ደርሶ «የቆየ ነው፣ ፍለጋ ይፈልጋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ና» ተባለ። ቀጠሮዬ ሰኞ ነው።

ሰኞ በባጃጅ ኮንትራት ይዘን ሄድን። ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለውም። የሕንፃ አዋጁ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ የሚመች መግቢያና መንቀሳቀሻ እንዲኖረው ያዛል። የአካል ጉዳተኞችን ፋይል የሚያይ ክፍል ከሁሉ በፊት ምድር ቤት መሆን ነበረበት። 54 ደረጃ ነው። ቀያሽ ስለሆንኩ መቁጠር አልተውም። በአንድ እጄ ብረቱን፣ በሌላው የልጄን ትከሻ ይዤ ወጣሁ። ሁለት ጊዜ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

የተቀበለኝ ወጣት ጨዋ ልጅ ነው። ይህን መመስከር አለብኝ። ተነሥቶ ወንበር ሳበልኝ። ላቤ እስኪደርቅ ጠበቀኝ። ከዚያ «እናቴ፣ እንዴት ነዎት?» አለኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አልኩት።

ጻፈ።

ጥያቄው ቀጠለ። ምግብ ያበስላሉ ወይ? አዎ። ከቤት ይወጣሉ ወይ? አልፎ አልፎ። ሐይቅ ዳር ሲንሸራሸሩ ያየዎት ሰው አለ፣ እውነት ነው? እውነት ነው። መጨረሻ ላይ እንድፈርም ወረቀቱን አቀረበልኝ። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። «ደህና መሆናቸውን ገልጸዋል። ሦስተኛ ፎቅ በእግራቸው ወጥተዋል። ምግብ ያበስላሉ። በሐይቁ ዳርቻ በእግር ይንቀሳቀሳሉ።»

አንዱም ሐሰት አይደለም። አራቱ አንድ ላይ ሲነበቡ ግን ሌላ ሴት ናት የምትታየኝ። እኔን አላየሁም። አልፈረምኩም። «ልጄ፣ ከእያንዳንዱ ጎን እንዴት የሚለውን ጻፍልኝና እፈርማለሁ» አልኩት። ፎርሙ ላይ ቦታ የለም አለኝ። እውነቱን ነው። ፎርሙ ላይ ለዚያ የተተወ ቦታ የለም።

ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ ስለ «ደህና ነኝ»። እናንተም የዚህ አገር ልጆች ናችሁ። ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው እንኳ «እንዴት ነህ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ሙስሊም ጎረቤቴ ከኩላሊት እጥበት (ዲያሊሲስ) ስትመለስ በር ላይ ሳገኛት «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ትለኛለች። ሁለታችንም ደህና እንዳልሆነች እናውቃለን። ምስጋናው ለፈጣሪ ነው፣ ሰላምታው ለጠያቂው ነው። ስለ ኩላሊቷ የተናገረችው ነገር የለም። ያደግነው በሽታችንን ሰው ፊት እንዳንዘረግፍ ተነግሮን ነው። በተለይ ሴት ስትሆኚ፣ በተለይ ቢሮ ስትገቢ። ሐኪም ወይም የመንግሥት ሠራተኛ «እንዴት ነዎት?» ብሎ ጀምሮ የመጣለትን መልስ የምርመራ ውጤት አድርጎ ከጻፈ፣ በዚህ አገር ታማሚ አይገኝም።

አለባበሴም እንደዚያው። ንጹሕ ነጠላ ለብሼ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ ነበር። ቢሮን ማክበር ነው። ፀጉሬን የሠራችኝ ጎረቤቴ ናት፣ እኔ በጎኔ ተጋድሜ። ጫማዬን ያሰረልኝ ልጄ ነው። ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ካሰርኩ አሥር ዓመት አልፎኛል። ይህን ማንም አልጠየቀኝም።

ሦስተኛ ፎቅ ወጥቻለሁ። ከዚያ በኋላ ማክሰኞንና ረቡዕን ከአልጋ አልወረድኩም። ሽንት ቤት የሄድኩት በልጄ ተደግፌ ነው። ልጄ 16 ዓመቱ ነው። እናቱን ሽንት ቤት የሚያደርስ የ16 ዓመት ልጅ ምን እንደሚሰማው እናንተው አስቡት።

ምግብ አበስላለሁ። በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሽሮ አማስላለሁ። ሽንኩርቱን ማታ ተጋድሜ እከትፋለሁ። ድስቱን የሚያወጣውና የሚያወርደው ልጄ ነው። ምጣድ ፊት ቆሜ እንጀራ ጋግሬ አላውቅም፣ ከአደጋው ወዲህ። ከሱቅ ነው የምንገዛው።

አሁን ሐይቅ ዳሩ። ይህ ነው ከሁሉ የከነከነኝ፣ ምክንያቱም ጥቆማ ነው። አንድ ሰው አይቶኝ «ደህና ናት፣ ትሄዳለች» ብሏል። ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም። በእግር እንድሄድ ያዘዘኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ነው። ካልሄድኩ የግራ እግሬ ጡንቻ ይሟሽሻል። በቀኑ ሙቀት ስለማልችል ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እወጣለሁ። ከአንዱ አግዳሚ ወንበር እስከ ሌላው 160 እርምጃ ነው። ድሮ እርምጃዬ 75 ሴንቲ ሜትር ነበር። ቀያሽ የራሱን እርምጃ ያውቃል፣ ሜትር ሲጠፋ በእሱ ነው የሚለካው። ዛሬ ወደ 40 ወርዷል። ስለዚህ 160 እርምጃ ማለት 64 ሜትር ነው። እቀመጣለሁ። ታንኳ ላይ ያሉትን አሣ አጥማጆች አያለሁ። ሕመሙ ሲበርድልኝ በመጣሁበት እመለሳለሁ። በቃ፣ ሽርሽሩ ይኸው ነው። ጥሩ ቀን በሆነ ጊዜ። በሳምንት ሁለቴ፣ ሲበዛ ሦስቴ።

በግንቦት 2016 አዲሱ የዓባይ ድልድይ ሲመረቅ የከተማው ሰው በእግሩ እየሄደ አየው። ርዝመቱ 380 ሜትር ነው። ዕድሜዬን በመለካት የጨረስኩ ሰው ነኝና በእግሬ ላየው እንዴት እንደምጓጓ መገመት አያቅታችሁም። በባጃጅ ሁለት ጊዜ አልፌበታለሁ። በእኔ እርምጃ 950 ነው። እስካሁን አልሞከርኩትም። የጠቆመብኝ ሰው ድልድዩ ላይ ያላየኝ ለዚህ ነው።

በሚያዝያ አበሌ አልገባም። ባንክ ሄጄ ስጠይቅ የለም። ስልክ ስደውል «ማጣራቱ እስኪያልቅ ለጊዜው ተይዟል» ተባልኩ። ለስንት ጊዜ? አይታወቅም። የሱቁ ባለቤት፣ እግዜር ይስጠው፣ በዱቤ ዱቄትና ዘይት ሰጠኝ። የነርቭ መድኃኒቴን ግን በዱቤ የሚሰጥ ፋርማሲ የለም። በቀን ሁለት የምወስደውን አንድ አደረግሁት። አንዱ ሲያልቅ ግማሽ አደረግሁት። ማታ ማታ እግሬ በእሳት የተለበለበ ያህል ይነድዳል። ያ ወር እንዴት እንዳለፈ ማስታወስ አልፈልግም።

ማጣራትን አልቃወምም። ይህንን በትክክል ያዙልኝ። ገንዘቡ የሠራተኛው ሁሉ ነው። የሞተ ሰው አበል የሚበላ ካለ ይያዝ። ሳይጎዳ ተጎድቻለሁ ብሎ የሚወስድ ካለ ይከልከል። የሚወስደው ከእኔም ነው። ነገር ግን ምርመራ አልቆ ውሳኔ ሳይሰጥ አበል መያዝ ከምርመራው በፊት መቅጣት ነው። ያጠፋሁት ነገር ከተገኘ አስመልሱኝ፣ ፈርሜ እቀበላለሁ። እስከዚያ ግን መድኃኒቴን አትቁረጡብኝ።

ስትጠሩን ደግሞ በደብዳቤ ጥሩን። ለምን እንደተጠራን፣ የትኛውን ወረቀት እንደምትፈልጉ፣ ማን እንደሚያየን ጻፉበት። የድሮ ካርድ ለማስወጣት ብቻ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ከዘጌ በጀልባ የሚመጣ ሰው አለ። ከገጠር ቀበሌ በቃሬዛ ወርዶ መኪና የሚጠብቅ አለ። አራት ቀን ለእነዚህ ሰዎች ምንም ማለት ነው። መውጣት ለማይችል ደግሞ ወደ ቤቱ የሚሄድ ባለሙያ ቢመደብ ምን ያህል ያስከፍላል? ቤቴን ቢያዩት ኖሮ ጥያቄ እንኳ ባላስፈለገ። ከአልጋዬ እስከ በሩ ግድግዳው ላይ የተመታውን እንጨት ያዩት ነበር። ልጄ ነው የመታው፣ እየያዝኩ እንድሄድ።

አንድ ሌላ ነገር። እንደገና ማየት ወደ ታች ብቻ አይሁን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ የጉዳት መጠን እንደገና ሊታይ የሚችለው የሠራተኛው ሁኔታ ሲብስም ሲሻልም፣ ወይም መጀመሪያ የተደረገው ምርመራ ሲሳሳት ነው ይላል። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ስለነበርኩ ያ ሕግ አይመለከተኝም። ሐሳቡ ግን ፍትሐዊ ነው። እኔ ከ2007 ወዲህ ብሶብኛል። አሥር ዓመት ሙሉ «ብሶብዎታል?» ብሎ የጠራኝ የለም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካል ጉዳተኞችን እንደሚረዳ ይናገራል። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. ተቀብላ አጽድቃለች። እነዚህን የማነሣው ከእናንተ ጋር በሕግ ለመካሰስ አይደለም። ፎርሙን ስታዘጋጁ ከጎናችሁ እንዲኖሩ ነው።

አሁን እንደኔ ለተጠራችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ።

ከእኛ ሰፈር ጡረታ የወጡ መምህር አሉ፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ነገሩን ስነግራቸው አንድ ባለ 50 ቅጠል ደብተር ገዝተው መጡ። «ልጄ፣ ቀኑን ጻፊ» አሉኝ። «ጥሩውንም መጥፎውንም። አታሳምሪ፣ አታጋኚ።» 21 ቀን ጻፍኩ። ከዚያው ላንብብላችሁ።

«ማክሰኞ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነቃሁ፣ እስኪነጋ አልተኛሁም። ልብስ ለመልበስ 25 ደቂቃ። ቡና ልጄ አፈላ።»

«ሐሙስ። ጥሩ ቀን። ሐይቅ ዳር ሄድኩ፣ 160 እርምጃ፣ ሁለት ጊዜ። ማታ እግሬ አበጠ።»

«ቅዳሜ። ከአልጋ አልተነሣሁም።»

ስጽፈው ራሴም ደነገጥኩ። ለካ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ሙሉ በሙሉ እተኛለሁ። ስለለመድኩት አላየውም ነበር። እናንተም ሳትለምዱት አልቀራችሁም። ስትጠየቁ «ትችላለህ?» ለሚለው «አዎ» ብላችሁ አትቁሙ። እንዴት እንደምትችሉ፣ በማን እርዳታ፣ በስንት ደቂቃ፣ በነጋታው ምን እንደሚከተል ተናገሩ። ማፈር ይመጣል። እኔም ስለ ሽንት ቤቱ እዚህ ስጽፍ እጄ ተንቀጥቅጧል።

ብቻችሁን አትሂዱ። ሰው ሲኖር የረሳችሁትን ያስታውሳችኋል፣ የተባለውንም ይሰማል። ወረቀታችሁን ሁሉ ኮፒ አድርጉ፣ ዋናውን ለማንም አትስጡ። በስልክ የተነገራችሁን በጽሑፍ ጠይቁ። ደብዳቤ ስታስገቡ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉ፣ ቁጥሩንና ማኅተሙን ቅጂያችሁ ላይ አስመቱ። እኔ የመጀመሪያውን ማመልከቻ በእጅ ሰጥቼ ጠፍቷል፣ ማስረጃ የለኝም። ራጃችሁን ደግሞ በደረቅ ቦታ፣ በየመካከሉ ወረቀት አድርጋችሁ አስቀምጡ። ያላነበባችሁትን አትፈርሙ። ውሳኔው ካልተዋጠላችሁ በጡረታ አዋጁ ይግባኝ የሚሰማ ጉባኤ አለ። ጊዜው እንዳያልፍባችሁ ውሳኔው የደረሳችሁን ቀን ጻፉ።

የእኔ ጉዳይ ገና አልተወሰነም። ቦርድ ፊት እንድቀርብ ቀጠሮ ተሰጥቶኛል። የአበሌ ነገር ግን አሁንም «ተይዟል» ነው። ደብተሩን፣ የተላጠውን ራጅና በመጨረሻ የተገኘውን ካርዴን ይዤ እመጣለሁ። ክፍሉን ወደ ምድር ቤት ብታወርዱልኝ ደስ ይለኛል። ካልሆነም 54ቱን ደረጃ እወጣለሁ፣ መውጣቴን ግን ከፎርሙ ላይ ሰርዙልኝ።

ስገባ «እንዴት ነዎት?» ትሉኛላችሁ። እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» እላችኋለሁ። ሌላ መልስ ከአፌ አይወጣም፣ እናቴ ያስተማረችኝ ይኸንኑ ነው። ገና አትጻፉት። ቀጥላችሁ «ዛሬ ጫማዎን ማን አሰረልዎ?» ብላችሁ ጠይቁኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የቀድሞ ቀያሽ
ባሕር ዳር